የልደት ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በአዲስ አበባ የልደት መዝገብ የምጽፍ የወሳኝ ኩነት ሠራተኛ ነኝ። የቀን መዛባት ምን እንደሚያስከትል በየዕለቱ አያለሁ፤ ፓስፖርት የሚያወጣውም፣ ጡረታ የሚጠይቀውም፣ ውርስ የሚከራከረውም ዞሮ ዞሮ ከእኛ መስኮት ፊት ይቆማል። የልጅ ጨዋታም በዚሁ ሰበብ እንደሚታገድ ግን ያወቅሁት ሰሞኑን ነው።

የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጄ ቨርጂኒያ ከሚኖሩት የወንድሜ ልጆች ጋር በጨዋታ ማሽን በኢንተርኔት የእግር ኳስ ጨዋታ ይጫወታል። በቅርቡ ማሽኑ ብቻህን ካልሆነ አላጫውትህም አለው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ በአካውንቱ አደረጃጀት ምክንያት ከሌሎች ጋር መጫወት እንደማይችል ብቻ ይናገራል። ማን ከለከለ? ማንስ ይፈቅዳል? ስለዚህ አንድ ቃል የለም። ማሽኑን የሸጠልን ባለሱቅ ደግሞ አየት አድርጎ «እትዬ፣ ይሄ ተቆልፏል። አዲስ አካውንት እከፍትለትና ዕድሜውን ሃያ አምስት አደርገዋለሁ» ብሎ ዋጋ ጠራልኝ። ለመዝገብ ሹም እንዲህ ይባላል!

መላው የተገኘው ከወንድም ጋሼ ጋር በስልክ ስንነጋገር ነው። ልጄ የተወለደው ጥር 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 14 ቀን 2014 ማለት ነው። ባለሱቁ መጀመሪያ አካውንቱን ሲከፍት 6፣ 5፣ 2006 ብሎ እንዳለ አስገብቶታል። ጥር አምስተኛ ወራችን ስለሆነች ማሽኑ ሜይ ብሎ ተቀበላት፤ ልጁም ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ተመረቀለት። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ነገር ክፍት የነበረው በማሽኑ ዓይን ጎረምሳ ስለነበር ነው። ወንድሜ ወላጅና ልጆች አብረው በሚመዘገቡበት የማሽኑ የቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባው ቀኑን አቃናው፤ ልጁ ወደ ልጅነቱ ሲመለስ መቆለፊያውም ወረደ።

መክፈቻው ታዲያ ያለው ልጁ እጅ ሳይሆን በዝርዝሩ ላይ ወላጅ ተብሎ በተመዘገበው ሰው አካውንት ውስጥ ነው። የልጁን ማሽን ቢነካኩት፣ ቢያጠፉት፣ ጨዋታውን ሰርዘው እንደገና ቢጭኑት የሚለወጥ ነገር የለም። ወንድሜ በራሱ አካውንት ገብቶ የልጁን ስም ከፈተ። ከሌሎች ጋር መጫወትን የሚመለከተው ፈቃድ ለብቻው፣ በድምፅና በጽሑፍ መነጋገርን የሚመለከተው ለብቻው ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ፈቀደ፤ ሁለተኛውን ልጁ በጓደኝነት ለተቀበላቸው ብቻ አደረገው። ከዚያ ልጁ ከአካውንቱ ወጥቶ ተመልሶ ሲገባ ጨዋታው ተከፈተ። ባለሱቁ ባለኝ መንገድ ብንሄድ ኖሮ ልጁ ያጠራቀመውን ሁሉ አጥቶ፣ ማንም የማያውቀው ጎልማሳ በጆሮው የሚያወራበት አካውንት ይይዝ ነበር።

ቁልፉን እኔ አልጠላሁትም። አሜሪካ ውስጥ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን የሚከለክል ሕግ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ወጥቷል። ፎርትናይት የተባለው ጨዋታ ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ይህን ሕግ ጥሷል ተብሎ በዚያው አቆጣጠር በ2022 መጨረሻ 275 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ ከቀረቡበት ክሶች አንዱ የልጆች የድምፅና የጽሑፍ መነጋገሪያ ከመነሻው ክፍት ሆኖ መቀመጡ ነበር።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የእኛ ማሽን አምራች አካውንት ሲከፈት በሚያቀርበው የአገሮች ዝርዝር ኢትዮጵያ የለችም። ልጃችን በወንድሜ አገር ስም የተመዘገበውም ለዚህ ነው፤ እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለች የሚፈቅድለት ሰው ውቅያኖስ ማዶ፣ እኛ ስንነቃ እሱ በሚተኛበት ሰዓት ላይ ይገኛል። አጎት የሌለው ልጅስ?

ለጨዋታ ማሽን ሻጮች የምለው አንድ ነው፤ አካውንት ስትከፍቱ ወላጅን ጠይቁ፣ ቀኑንም ለውጣችሁ አስገቡ። እናንተም በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ለተወለዱ ልጆች የሁለቱን አቆጣጠር ማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ብታወጡልን፣ መስኮታችን ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ