የትኛው ጥድ?

ክቡር አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ «ሞቃታማ አገር ጥድ» የመድኃኒትነት ጥቅም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ሰው አንብቦታል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ጋዜጣው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ጠርዙ በቡና ርሶ ነበር። ጽሑፉን ሐሰት ነው ብዬ አልከስም። ስህተቱ ያለው ርዕሱ ላይ ነው። ጸሐፊው የሚያወራው ፈረንጆች ፓይን ስለሚሉት፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ ስለቀጠነው ባለ ሙጫ ዛፍ ነው፤ እናንተ «ጥድ» አላችሁት። እኛ ጥድ የምንለው ሌላ ዛፍ ነው።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀት ባላባከንኩ። ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ ጎረቤቴን ልጠይቅ ብገባ ሁለቱም ጉልበታቸው ተልጦ፣ እዚህም እዚያም ውኃ ቋጥሮ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ምን ነካዎት?»

«የጥድ መድኃኒት ነው ልጄ። እያቃጠለ ነው አሉ የሚያሽረው።»

ልጃቸው ጋዜጣውን አንብቦላቸው ኖሯል። ከጥድ ሙጫ ተርፐንታይን የሚባል ፈሳሽ እንደሚወጣና በአንዳንድ አገር ለቁርጥማት እንደሚታሽ ተጽፏል። ልጁ እናቱን የሚወድ ነው፣ ቀለም መሸጫ ሄዶ ተርፐንታይን አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ባለሱቁም «እሱማ አኳራጅ ነው» ብሎ ሸጠለት። ሁለቱም አልዋሹም። ጣሊያን አኳራጅ ሲል ድሮ ከፓይን ሙጫ የሚወጣውን ፈሳሽ ማለቱ ነበር። ዛሬ ቀለም ማቅጠኛ ተብሎ የሚሸጠው ግን በአብዛኛው የነዳጅ ውጤት ነው። እሱን ነው እንግዲህ አሮጊቷ ጉልበት ላይ አሽቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ያሳደረው። እውነተኛው ተርፐንታይን ቢሆንም ቆዳ ይቆጣል። ተሳስቶ የዋጠው ሰውማ ኩላሊቱና ሳንባው ይጎዳል፣ ለሕፃን ደግሞ ጥቂቱም ሊገድል ይችላል። ይህን ከጽሑፋችሁ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ሙያዬ ችግኝ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ደጋው ላይ ባለ ችግኝ ጣቢያ መደብ ሳወጣ፣ ቱቦ ስሞላ ኖሬአለሁ። በእኛ አካባቢ ሦስት ዛፍ «ጥድ» እየተባለ ይደባለቃል። የመጀመሪያው የሐበሻ ጥድ ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የምናየው፣ ምስጥ የማይደፍረው፣ ለምሰሶና ለአጥር የሚፈለገው። ቅጠሉ ደቃቅ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው፤ ፍሬው ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላ ትንሽ ድቡልቡል ነው። ፈረንጆች እርሳስ ይሠሩበት ስለነበር የእርሳስ ዝግባ ይሉታል፤ እነሱም ዝግባ ብለው ተሳስተዋል፣ ብቻችንን አይደለንም። ሁለተኛው የፈረንጅ ጥድ ነው፣ እኛ ጣቢያ ሉስታኒካ የምንለው። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው፤ ግቢ ውስጥ አጥር ሆኖ ይከረከማል፤ ፍሬው ጠንካራ እንጨት ነው። እነዚህ ሁለቱ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው።

ሦስተኛው ፓይን ነው፤ እሱ ግን ከሌላ ቤተሰብ ነው። እኛ አገር በብዛት የተተከለው ፓቱላ ሲሆን እሱም የሜክሲኮ ነው። ለመለየት የእጽዋት ትምህርት አያስፈልግም፣ ከቅርንጫፉ ላይ ቅጠል ነጭቶ ሥሩን ማየት ነው። እንደ መርፌ የቀጠኑ፣ ስንዝር የሚያህሉ ቅጠሎች ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆነው ከአንድ ቡናማ ሽፋን ይወጣሉ፤ እንደ ፈረስ ጋማም ቁልቁል ይወርዳሉ። ከሐበሻ ጥድ ጋር ጎን ለጎን ያያቸው ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም።

ፓቱላ ለዚህ አገር ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ የተማርኩት ከአፈር ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ሰሞን ዘሩን እንደ ማንኛውም ዘር በደን አፈርና በፍግ ዘራሁት። በቀለና ጣት ሲያህል ቢጫ ሆኖ ቆመ። ውኃ ብጨምር፣ ጥላ ባነሳ፣ ጥላ ብመልስ አልነቃነቅ አለኝ። አለቃዬ አይቶ ሳቀና ከጎለመሰ የፓቱላ ደን ሥር ሁለት ጆንያ አፈር አስመጣ። ያ አፈር ሲቀላቀልበት ችግኙ ፊቱ ተመለሰ። ለካ ፓይን ከሥሩ ጋር ተቆራኝቶ ምግብ የሚያቀብለው ሻጋታ ይፈልጋል፤ የእኛ አፈር ደግሞ ያንን ሻጋታ አያውቀውም። ኢትዮጵያ ውስጥ በተፈጥሮ የበቀለ ፓይን የለምና ከየት ያውቀዋል? እንዲያውም ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ ተሻግሮ በራሱ የበቀለ ፓይን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፣ የሱማትራ ደሴቱ ሜርኩሲ።

ስለዚህ በጽሑፋችሁ የተዘረዘረው ሁሉ ፓይን በተፈጥሮ የሚበቅልባቸው አገሮች እውቀት ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ የሜርኩሲን ልጥ ሰንጥቀው ሙጫውን በጽዋ ያጠራቅማሉ። በሂማላያ ግርጌ የቺር ፓይንን ሙጫ ለእባጭና ለተሰነጣጠቀ ተረከዝ ይቀቡታል። ሜክሲኮዎች ሙጫ የጠገበውን እንጨት ኦኮቴ ብለው እሳት ያያይዙበታል፣ ለሳልም ይሉታል። ሙጫው እንደ አረቄ ሲወጣ በእንፋሎት የሚሄደው ተርፐንታይን ነው፤ ከጋኑ የሚቀረውን ደረቅ ሙጫ ቫዮሊን ተጫዋቾች ደጋናቸውን ያሹበታል፣ የእኛ አዝማሪ ለማሲንቆው ዕጣን እንደሚያሸው። ይህን ሁሉ ማወቅ ደስ ይላል፣ ብትጽፉትም አነባለሁ።

የሐበሻ ጥድም የራሱ የባህል መድኃኒትነት አለው። ቅጠሉን ይታጠኑበታል፣ ሙጫውን ለቁስል ያውሉታል፣ ፍሬውን ለራስ ምታትና ለሆድ ትል የሚያዝዙ አሉ። መጠኑን የሚያውቁት ግን መድኃኒቱን ከአባታቸው የወረሱ ሰዎች ናቸው፤ የጥድ ወገን ፍሬ ለነፍሰ ጡር እንዳይሰጥ ሐኪሞችም ያስጠነቅቃሉ። ለፓይን የተጻፈ መጠን ለዚህ ዛፍ አይሆንም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ሁለት ወጣቶች ከቅጥሩ ዳር ቅጠል እየሸመጠጡ ፌስታል ሲሞሉ አየሁ። ለሳል አፍልተው ሊጠጡት ነው። ዘበኛው ጮኸባቸው፣ እኔም ጠጋ ብዬ አየሁት። የሚሸመጥጡት ፓይን አይደለም፣ የሐበሻ ጥድም አይደለም፤ ሉስታኒካ ነው።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። በሚቀጥለው እትም «ፓይን» ብላችሁ አርሙት። ፓይናፕል መስሎት አናናስ ገዝቶ የሚገባ ሰው አይጠፋም፤ ይግባ፣ እሱ አይጎዳም። ከእርማቱ ጎን የሦስቱን ዛፎች ቅጠል ፎቶ አድርጉ፤ ቅርንጫፍ ከቸገራችሁ እኔ አመጣለሁ። አኳራጅ ገላ ላይ እንዳይታሽ፣ ልጅም እንዳይደርስበት ደግሞ በወፍራም ፊደል ጻፉልን።

እማማ ጤና ጣቢያ ሄደው ቅባት ተሰጥቷቸዋል፣ ቁስሉም እየጠገገ ነው። በተረፈው አኳራጅ ልጃቸው ቀለም አቅጥኖ የግቢውን በር ቀብቶበታል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ
ባሕር ዳር