ስለ ስቬን ኒክቪስት ብርሃን፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በመጨረሻው ደብዳቤሽ፣ ለአጭር ፊልምሽ የምትከራዩአቸው መብራቶች ዋጋ ከበጀታችሁ በላይ ስለሆነ ቀረጻው እንዳይስተጓጎል መስጋትሽን ጽፈሽልኛል። በገንዘቡ በኩል የምንችለውን እናደርጋለን። ስለ መብራቱ ግን፣ ዕድሜዬን በፎቶ ቤት ያሳለፍኩ ሰው እንደ መሆኔ፣ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀውን የስዊድናዊውን ሲኒማቶግራፈር (የፊልም ቀረጻና ብርሃን ባለሙያ) የስቬን ኒክቪስትን ሥራ ላጫውትሽ ወደድሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኒክቪስት በ1922 በደቡብ ስዊድን፣ በስሞላንድ አውራጃ፣ ሞሄዳ በተባለች ቦታ ተወለደ። ወላጆቹ በዚያን ጊዜዋ ቤልጂየም ኮንጎ የሚያገለግሉ የሉተራን ሚስዮናውያን ስለነበሩ፣ የልጅነት ዘመኑን አብዛኛውን ጊዜ ከእነርሱ ተለይቶ በስዊድን አሳለፈ። አባቱ በአፍሪካ ፎቶግራፍ ያነሱ ስለነበር ካሜራ ለቤተሰቡ እንግዳ ዕቃ አልነበረም። በ1941 ሳንድሪውስ በተባለው የፊልም ኩባንያ ረዳት ካሜራማን ሆኖ ተቀጠረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በራሱ ስም መቅረጽ ጀመረ። ከዳይሬክተር ኢንግማር በርግማን ጋር አስቀድሞ በ1953 በወጣ ፊልም ላይ ቢገናኙም፣ ሁለት አሥርት ዓመታት የዘለቀው የሥራ ወዳጅነታቸው የጸናው በ1960 ከወጣው «የድንግሊቱ ምንጭ» ወዲህ ነው።

ብዙ ሰው ኒክቪስትን የሚያነሳው በኦስካሮቹ ነው። እኔ ግን ሥራው መልኩን ያገኘው በ1963 በወጣው፣ በእንግሊዝኛ «ዊንተር ላይት» እየተባለ በሚታወቀው «ቆራቢዎቹ» በተሰኘው ፊልም ነው እላለሁ። ፊልሙ በአንድ የኖቬምበር እሑድ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ፣ እምነቱ የከዳው የአንድ የገጠር ቄስ ታሪክ ነው። በርግማንና ኒክቪስት ከቀረጻው አስቀድመው በዳላርና አውራጃ በሚገኝ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጠው፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ ብርሃኑ እንዴት እንደሚለዋወጥ ይከታተሉ ነበር፤ ኒክቪስትም በየአምስት ደቂቃው ፎቶ እያነሳ ለውጡን ይመዘግብ ነበር። በዚያ ወቅት የስዊድን ፀሐይ ዝቅ ብላ ከደመና በስተጀርባ ስለምትሄድ፣ በሕንፃው ውስጥ ያለው ብርሃን ከየት እንደመጣ አይለይም፤ ጥላ የሚባል ነገርም የለም።

ጣጣው የመጣው ያንን በስቱዲዮ ውስጥ ለመድገም ሲነሡ ነው። የስቱዲዮ መብራት ከአንድ ጠባብ ቦታ የሚወጣ ኃይለኛ ብርሃን ስለሆነ የትም ብታቆሚው ጥላ ይጥላል፤ ያንን ጥላ ላጥፋ ብለሽ ሁለተኛ መብራት ብትጨምሪ ደግሞ ሌላ ጥላ ታተርፊያለሽ። ስለዚህ ኒክቪስት መብራቱን በቀጥታ ተዋንያኑ ላይ ከማሳረፍ ይልቅ ከነጭ ገጽ ላይ እያንጸባረቀና በስስ ወረቀት ውስጥ እያሳለፈ፣ ምንጩን ሰፊ አደረገው። ብርሃን የሚመጣበት ገጽ በሰፋ ቁጥር የጥላው ጠርዝ እየሟሟ ይሄዳል። በዚሁ ፊልም ውስጥ ተዋናይቷ ኢንግሪድ ቱሊን ለቄሱ የጻፈችውን ደብዳቤ፣ ፊቷን ወደ ካሜራው ቀጥ አድርጋ፣ ለብዙ ደቂቃዎች የምትናገርበት ትዕይንት አለ። ካሜራው አይንቀሳቀስም፣ ከኋላዋም ዓይን የሚስብ ነገር የለም፤ ነገር ግን የዓይኗ እርጥበትና የከንፈሯ መድረቅ እንኳ ይነበባል። አንቺም መብራት ከመከራየታችሁ በፊት የምትቀርጹበትን ቤት ሙሉ ቀን ተቀምጠሽ ብታዪው፣ የኪራይ ዝርዝርሽ በግማሽ ሊያጥር ይችላል ብዬ እገምታለሁ።

ፊትን እንዲህ ማቅረቡ በ1966 በወጣው «ፐርሶና» ወደ ጫፍ ደረሰ። በርግማን የተዋናዮቹን የቢቢ አንደርሰንንና የሊቭ ኡልማንን ፊት በከፊል በጨለማ እንዲቀረጽ አድርጎ፣ የሁለቱን ግማሽ ፊት በአንድ ምስል ላይ ገጠመው። ተዋናዮቹ ምስሉን መጀመሪያ ሲያዩ እያንዳንዳቸው የሌላኛዋ ፊት መስሏቸው እንደነበር ይነገራል። ይህ ብልሃት የሠመረው በቅንብር ብቻ አይደለም፤ የብርሃኑ ልክ በሁለቱም ፊት ላይ እኩል ባይሆን ኖሮ ስፌቱ ወዲያው በታወቀ ነበር።

በቀለም ፊልም ጊዜም ቢሆን አልተደናገጠም። በ1972 በወጣው «ጩኸትና ሹክሹክታ» የቤቱ ግድግዳና ምንጣፍ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ቀይ ግድግዳ ቆዳን እንደሚያቀላ ፎቶ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ እርሱ ግን የሴቶቹን ነጭ ልብስና የገረጣ ፊት ከዚያ መሐል ንጹሕ አድርጎ አወጣው። ለዚህ ሥራው በ1974 የመጀመሪያውን ኦስካር፣ በ1982 ለወጣው «ፋኒ እና አሌክሳንደር» ደግሞ በ1984 ሁለተኛውን ተሸለመ።

ከበርግማን ውጭ ከሠራቸው ውስጥ አንዱን ብቻ ላንሣልሽ፤ የሩሲያዊው ዳይሬክተር የአንድሬ ታርኮቭስኪ «መሥዋዕት» ነው፣ በጎትላንድ ደሴት ተቀርጾ በ1986 የወጣው። መጨረሻው ላይ አንድ ሙሉ ቤት የሚቃጠልበት ትዕይንት አለ። ኒክቪስት በአንድ ካሜራ ብቻ መቅረጹን ቢቃወምም አልተሰማም፤ ቤቱ እየነደደ ሳለ ካሜራው ተበላሸ፣ ቀረጻውም ከንቱ ቀረ። ቤቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ተሠርቶ እንደገና ተቃጠለ፤ በዚህኛው ጊዜ ጎን ለጎን በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ሁለት ካሜራዎች ቆሙ። በዚያው ዓመት ኒክቪስት በፈረንሳይ በካን የፊልም ፌስቲቫል ለሥነ ጥበባዊ አስተዋፅኦው ተሸልሟል። የመለዋወጫ ካሜራን ዋጋ ከበጀታችሁ ለመሰረዝ የሚያስብ ፕሮዲውሰር ካለ ይህን ታሪክ ንገሪው።

በኋላ በአሜሪካ ከዳይሬክተር ዉዲ አለንና ከሌሎች ጋር ብዙ ሠርቷል። በ1993 የወጣው «ስሊፕለስ ኢን ሲያትል» የእርሱ ቀረጻ ነው፤ ያማረ ነው፣ ነገር ግን ድፍረት ባይሆንብኝ፣ ሌላ ጎበዝም ሊቀርጸው የሚችል ይመስለኛል። በ1991 ራሱ ዳይሬክተር ሆኖ የሠራው «በሬው» በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ለኦስካር ታጭቶ ነበር። በ1998 የመናገር ችሎታን የሚነጥቅ የአንጎል ሕመም እንዳለበት ታውቆ ሥራውን አቆመ፤ በሴፕቴምበር 2006 በ83 ዓመቱ ዐረፈ። ልጁ ካርል ጉስታፍ በ2000 ስለ አባቱ ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል፤ እርሱንም ፈልገሽ እዪው፣ ነገር ግን «ቆራቢዎቹ»ን ካየሽ በኋላ ይሁን። የደብዳቤውን ትዕይንት ስታዪ ድምፁን ዘግተሽ አንድ ጊዜ ድገሚው፤ በቱሊን ዓይን ውስጥ የሚታየው ነጸብራቅ መብራቱ በየት በኩል እንደቆመ ይነግርሻልና፣ ያገኘሽውን ጻፊልኝ።

እናትሽ ሰላምታዋን ታቀርባለች።

አባትሽ