የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከቀይ ሥር እስከ ደም ሥር

ዘንድሮ ሳሙና መሥራት ልንማር አቅደን ነበር። በጥቅምቱ የመጀመሪያ ስብሰባ ግን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ለልብ ቀዶ ሕክምና ከበሽተኛው እግር ደም ሥር ይወስዳሉ። የእግሩ የማይሆን ከሆነስ? የሌላ ሰው አቀዝቅዞ ማቆየት አይቻልም?» የሳሙናው ዕቅድ እዚያው ቀረ።

ይቻላል፤ ፍሪዘር ውስጥ በመወርወር ግን አይደለም። ይህን ቀድሞ የገባው እናቱ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡ ልጅ ነው፦ በረዶ ሆኖ የከረመ ዓሣ ሲቀልጥ ውኃ እንደሚያዥና እንደሚልፈሰፈስ ያውቃል። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጉዳቱ ግን በዚህ አያበቃም። በረዶው መጀመሪያ ከሕዋሱ ውጭ ይሠራል፤ የተረፈው ፈሳሽ ጨው እየበዛበት ከሕዋሱ ውኃ ይስባል፤ ሕዋሱም ይጨማደዳል። ቅዝቃዜው ከፈጠነ ደግሞ ውኃው ለመውጣት ጊዜ አጥቶ እዚያው ውስጥ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያዎች መከላከያ ፈሳሽ ጨምረው ብዙ ጊዜ በደቂቃ 1 ዲግሪ ያህል ያቀዘቅዙና ደም ሥሩን በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቆያሉ።

እኛ በቀይ ሥር ሞከርነው። በረዶ ሆኖ የቀለጠው ቁራጭ ብርጭቆውን ሙሉ አቀላው፤ ልጆቹ «ደማ!» አሉ። ከመከላከያ ፈሳሾቹ አንዱ የሆነውን፣ ከፋርማሲ የገዛነውን ግሊሰሪን ቀብተን ወዲያው ፍሪዘር ያስገባነውም እኩል ደማ። ግሊሰሪን ወደ ሕዋሱ ለመግባት ጊዜ ይፈልጋል፤ እኛ አልሰጠነውም። ልጆቹ ውጤቱን ሳያሳምሩ እንዳለ መዝግበውታል፤ ከዓመቱ ሥራ እኔን ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ያ ገጽ ነው።

በየካቲት የአንድ ተማሪያችን አባት፣ የከብት አዳቃይ ባለሙያ ናቸው፣ የኮርማ ዘር የሚያጓጉዙበትን ዕቃ ይዘው መጡልን። ክዳኑ ሲከፈት ነጭ ጉም ፈሰሰ፤ ውስጡ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። ዘሩን የሚጠብቀው ያው ግሊሰሪን ነው። ይህን ጠቀሜታውን ፖልጅ፣ ስሚዝና ፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1949 እንግሊዝ ውስጥ በዶሮ ዘር ላይ አሳይተዋል።

የዘሩ ቀጭን ቱቦ ለብ ባለ ውኃ በግማሽ ደቂቃ ይቀልጣል። ደም ሥር ግን ወፍራም ግድግዳ አለው፤ ከዚያ ቅዝቃዜ በድንገት ሲሞቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለምን ብዬ ስጠይቅ ከኋላ ወንበር «ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ የፈላ ሻይ እንደመቅዳት ነው» የሚል መልስ መጣ። ልክ ነው፤ ለዚህም መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በፍጥነት ይሞቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈሳሹ ውስጥ ደቃቅ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች ጨምረው፣ በማግኔታዊ መስክ የአሳማ ደም ቅዳ ከውስጥም ከውጭም እኩል ማሞቅ ችለዋል።

በግንቦት ከሥጋ ቤት ያገኘነውን የበሬ ደም ቅዳ ቀደን አየን፤ እንደ ጎማ ይለጠጣል። ለከርሞ እሱን ከግሊሰሪን ጋር አቆይተን እንሞክራለን። የቤተ ሙከራችን ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በታች የሚያነብ ያላችሁ ወላጆች ብታውሱን ክረምቱን ሳንጠብቅ እንጀምራለን።