ባዘዝነው ልክ ያልቀረበ ቱባ እንዲለወጥልን ስለመጠየቅ

ለ፦ የሙዚቃ መሣሪያ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት፣ የሽያጭ ክፍል
አዲስ አበባ

ባንዳችን በደሴ ከተማ በምረቃ፣ በስፖርት ውድድር መክፈቻና በሕዝብ በዓላት ላይ የሚጫወት የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ ሲሆን፣ ከድርጅታችሁ አንድ ባለ አራት ቫልቭ የቢ ፍላት ቱባ፣ ማለትም ዝቅተኛውን ድምፅ የሚይዝ ትልቅ የትንፋሽ መሣሪያ፣ ለመግዛት በፕሮፎርማ ተስማምተን ቅድመ ክፍያ ከፍለናል፤ ቀሪውንም ዕቃው ኮምቦልቻ ሲደርስ አጠናቀን ተረክበናል። በፕሮፎርማው ላይ የመሣሪያው አፍ፣ ሙያተኞች ቤል የሚሉት ክፍል፣ ስፋቱ 48 ሴንቲ ሜትር እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። ሣጥኑ ተከፍቶ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በሜትር ሲለካ ግን 38 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። የመረከቢያ ቅጹ «ቱባ፣ ብዛት 1» ከማለት ያለፈ ዝርዝር ስለሌለው፣ እዚያ ላይ መፈረማችን ልኩን እንደተቀበልን ሊያስቆጥርብን አይገባም።

ጉዳዩን በስልክ ስናመለክት የሽያጭ ባለሙያችሁ የቤሉ ስፋት ለመልክ እንጂ ለድምፅ ልዩነት እንደማያመጣ ነግረውናል። የቢ ፍላት ቱባ ቧንቧ ርዝመቱ 5.5 ሜትር ገደማ በመሆኑና የኖታውን ከፍታና ዝቅታ የሚወስነው በዋናነት ይህ ርዝመት በመሆኑ፣ አፈ ሰፊውም አፈ ጠባቡም ያንኑ ኖታ ያወጣሉ፤ እስከዚህ ድረስ ባለሙያው አልተሳሳቱም። ይሁን እንጂ በቧንቧው ውስጥ የሚርገበገበው አየር አፉ ጋ ሲደርስ ከፊሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ከፊሉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ምን ያህሉ እንደሚወጣና በየት በኩል እንደሚበተን የሚወስነው ደግሞ የቤሉ ስፋትና አከፋፈት ነው። ሰፊ አፍ ወፍራምና ክብ ድምፅ ይሰጣል፣ ዙሪያውንም ይሞላል። ጠበብ ያለው የተሰበሰበና ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የእያንዳንዱ ኖታ አነሳስም ይለያል። ጠባቡ በራሱ ነውር የለበትም፤ በትንሽ አዳራሽ ከጥቂት መሣሪያዎች ጋር ለሚጫወት ወይም ስቱዲዮ ለሚቀርጽ ሰው እኛም እሱኑ እንመርጥለት ነበር። እኛ ግን የምንጫወተው ሜዳ ላይ ነው።

መሣሪያውን በሆጤ ሜዳ ሞክረነዋል። በአምባሰል ቅኝት የተዘጋጀ ማርሽ ስንጫወት፣ ሳክስፎኖቹ ዜማውን ሲመሩ ቱባው ከሥር ሆኖ መሠረቱን መያዝ ነበረበት። ከነፊው አጠገብ የቆመ ሰው ኖታዎቹን አንድ በአንድ ይሰማል፤ ከሜዳው ማዶ ላለው ተመልካች ግን የሚደርሰው ከበሮና ትራምፔት ብቻ ነው። ነፊው ትንፋሹን ሲያጠነክር ደግሞ ድምፁ በመስፋት ፈንታ ሻክሮ ይሰነጠቃል።

ሰፋ ያለ መንፊያ ልካችሁ ችግሩን ለመፍታት ያቀረባችሁትን ሐሳብ አልተቀበልነውም፤ መንፊያ የከንፈርን ምቾትና የድምፁን ቀለም በመጠኑ ይለውጥ ይሆናል እንጂ ቤሉ የሚሠራውን ሥራ አይተካም። ቤሉን ብቻ ፈትቶ በሌላ መለወጥም አያዋጣም፤ የቧንቧው አሰፋፍ ከመንፊያው ጀምሮ እስከ ጠርዙ ድረስ አንድ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ በሌላ ቢተካ የኖታዎቹ ቃና ሊዛባ ይችላል። ችግሩን ያመጣው የደሴ ብርድ ነው መባሉም አላሳመነንም። ብርዱ መሣሪያውን ከቃናው ዝቅ ያደርገዋል፣ ለዚያም ማስተካከያ ቱቦ አለው፤ አፉን በ10 ሴንቲ ሜትር የሚያጠብብ ብርድ ግን ደሴ ላይ የለም።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሻጭ በውሉ ከተገለጸው የተለየ ዕቃ ካስረከበ ኃላፊነት አለበት። ስለሆነም በፕሮፎርማው የተጠቀሰው ባለ 48 ሴንቲ ሜትር ቤል ቱባ እንዲቀርብልን፣ የማመላለሻውንም ወጪ ድርጅታችሁ እንዲሸፍን፣ ይህ የማይቻል ከሆነ የከፈልነው ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስልን እንጠይቃለን። የዋጋ ቅናሽ ተደርጎልን ያለውን መሣሪያ እንድናስቀር የሚቀርብ ሐሳብ ካለ ከወዲሁ አንስማማበትም። መሣሪያው ጉዳት ሳይደርስበት ከነሣጥኑ የተቀመጠ በመሆኑ በማንኛውም የሥራ ቀን ልትረከቡን ትችላላችሁ። መልሳችሁን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ እንድትሰጡን በአክብሮት እናሳስባለን።

ከሠላምታ ጋር
የባንዱ አስተባባሪ፣ ደሴ

አባሪ፦ የፕሮፎርማ፣ የክፍያ ደረሰኞችና የመረከቢያ ቅጽ ቅጂ፣ ቤሉ በሜትር ሲለካ የተነሳ ፎቶግራፍ
ግልባጭ፦ ለባንዱ ሒሳብ ክፍል