ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ሹራቡ

ውድ ልጄ፣

ትናንት ማታ ሶፋው ላይ አረፍ ስትል ሸሚዝህን በሁለት ጣትህ ይዘህ ከሆድህ ላይ ሳብ ስታደርገው አየሁህ። ደነገጥኩ። ያ የእኔ አመል ነው። ጨርቁ ተጣብቆ ሆዴ እንዳይታይብኝ፣ በተቀመጥኩ ቁጥር 36 ዓመት ሙሉ ሳደርገው ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ሙቀት ሹራብህን አላወልቅም ያልክበት ምክንያትም ያኔ ገባኝ።

ነግሬህ አላውቅም። በ11 ዓመቴ የክፍል ልጆች «በርሜል» የሚል ስም አወጡልኝ። አንድ ቀን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ክብደታችን ሲለካ የእኔ ቁጥር ጮክ ተብሎ ተነበበ። ልጆቹ ሳቁ፤ መምህሩም አብሮ ሳቀ። አጥንቴ ድረስ የዘለቀው የእሱ ሳቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለማን አቤት ይባላል? ቤት ገብቼ ስናገር «ናቃቸው፣ ይተዉሃል» ተባልኩ። አልተዉኝም። እኔም ዳግመኛ አልተናገርኩም።

ዛሬም መንገድ ላይ ከኋላዬ ሰው ከሳቀ በእኔ የሳቀ ይመስለኛል። ፎቶ ስንነሳ ሁልጊዜ ከሰው ጀርባ የምቆመው እናንተ እንደምታስቡት ቁመቴ ስለረዘመ አይደለም። ይህን ሁሉ የራሴ ድክመት አድርጌ ስቆጥረው ኖርኩ። በኋላ ስለ አንድ ጥናት አነበብኩ፦ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1958 በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ ልጆችን ተመራማሪዎች እስከ ጎልማሳነታቸው ተከታተሏቸው። በ7 እና በ11 ዓመታቸው እኩዮቻቸው ያጠቋቸው የነበሩት፣ 50 ዓመት ሲሞላቸውም መንፈሳቸው ከሌሎቹ ይበልጥ የተጨነቀ ሆኖ ተገኘ። አንብቤ አለቀስኩ። ብቻዬን አልነበርኩም ማለት ነው።

ባለፈው ለፎቶ ስንሰለፍ «ሆድህን ሳብ አድርግ» ያልኩህ ግን እኔው ነኝ። ለአንተ የተቆረቆርኩ መስሎኝ ነበር። በእኔ የተሳቀውን ሳቅ በራሴ አፍ አቀበልኩህ። ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።

ትምህርት ቤት ስም ያወጣልህ ካለ ንገረኝ። «ናቃቸው» አልልህም። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለህ አብረን እንጽፈዋለን፤ መምህርህንም እኔ ራሴ አነጋግራለሁ። አንተ ሳታውቀው ግን አንዲት እርምጃ አልራመድም። አጠገብህ የሚቀመጥ አንድ ጓደኛ ካለህ አጥብቀህ ያዘው። እኔ አንድ ነበረኝ፤ እሱ ባይኖር ትምህርቴን አቋርጥ ነበር።

መስታወት ፊት ቆመህ ሰውነትህን ውደደው አልልህም፤ እኔም አልሆነልኝም። ትንሽ የረዳኝ የሚሠራውን ማየት ነው። እህትህን ጫንቃህ ላይ አድርገህ ሦስት ፎቅ ደረጃ ስትወጣ አይቻለሁ፤ እሷ እየሳቀች፣ አንተ እያለከለክህ። ያን የሠራው ይኸው በሹራብ የምትሸፍነው ሰውነትህ ነው።

ቅዳሜ ዋና እንሂድ። ሸሚዝህን ማውለቅ ካልፈለግክ አታውልቅ። እኔ ግን አወልቃለሁ፤ ከ11 ዓመቴ ወዲህ በሰው ፊት አውልቄ አላውቅም። ከልብስ መቀየሪያው እስከ ውሃው ድረስ ያለውን መንገድ ከጎኔ ሆነህ አሻግረኝ።

አባትህ