ይድረስ ለወንድሜ ለደረጄ፦ ስለ ምርምር ሥራዬ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለደረጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከስንት ዘመን ዝምታ በኋላ የደረሰኝ ደብዳቤህ ከሰላምታው ቀጥሎ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይዟል፤ የአገራችን ታሪክ ተጽፎ ሳያልቅ ዕድሜዬን በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የብሪታንያ የፖለቲካ ሐሳብ ላይ ለምን እንዳሳለፍኩ ትጠይቀኛለህ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እየጻፍኩ በቅጡ ልመልስልህ።

ወደዚህ ሙያ ስገባ የብሪታንያዊው የታሪክ ተመራማሪ የሉዊስ ኔሚየር ተጽዕኖ ገና ብርቱ ነበር። ኔሚየር በ1929 ባሳተመው ሥራው፣ ጆርጅ ሣልሳዊ በነገሠበት ዘመን የነበሩትን የፓርላማ አባላት አንድ በአንድ መርምሮ፣ ከመርህ ይልቅ ዝምድና፣ ሹመትና ጥቅም ያንቀሳቅሷቸው እንደነበር አሳየ። በሰነድ አመራመሩ ዛሬም አከብረዋለሁ። ሐሳብን የጥቅም መሸፈኛ አድርጎ መቁጠሩን ግን ፈጽሞ አልተቀበልኩትም፤ ምርምሩ ከፓርላማው በር አልወጣምና። የኅትመት ፈቃድ ሕጉ በ1695 ካበቃ በኋላ ጋዜጣውና በራሪ ጽሑፉ በየቡና ቤቱ ይነበብ ነበር። የፓርላማ አባልና የጋዜጣ አሳታሚ የነበረው ጆን ዊልክስ በ1763 በጋዜጣው 45ኛ እትም የንጉሡን ንግግር ተችቶ በታሰረ ጊዜም፣ «45» የምትለው ቁጥር የነጻነት ምልክት ሆና በየሰው በር ላይ በጠመኔ ተጻፈች፤ በሻይ ማንቆርቆሪያ ላይ ሳይቀር ተሣለች። የመምረጥ መብት እንኳ ያልነበረው ሰው ያን ቁጥር በሩ ላይ ሲጽፍ የትኛውን ሹመት ሊያገኝበት ነው?

ከሁሉ አስበልጬ የደከምኩበት ግን ቶማስ ሃርዲ የተባለው ጫማ ሰፊ ነው። ይህ ሰው በጥር 1792 ስትራንድ በተባለው የለንደን መንገድ አጠገብ በምትገኝ መጠጥ ቤት ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር የለንደን የደብዳቤ ልውውጥ ማኅበርን መሠረተ። መዋጮው በሳምንት አንድ ፔኒ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ደንባቸው የአባላቱ ቁጥር ገደብ እንዳይኖረው ይደነግጋል። እነርሱን የመሰሉ ነጋዴዎች፣ ባለሱቆችና የእጅ ባለሙያዎች የፓርላማ ማሻሻያ የመጠየቅ መብት አላቸው ወይስ የላቸውም በሚለው ጥያቄ ላይ አምስት ምሽት ተከራክረው፣ አለን ብለው ወሰኑ። እስቲ አስበው ደረጄ፣ ቀኑን ሙሉ ቆዳ ሲወጋ የዋለ ሰው ማታ ይህን ለመከራከር ይቀመጣል! ከባርነት በ1766 በገዛ ገንዘቡ ነጻነቱን የገዛው ጥቁር ጸሐፊ ኦላውዳ ኤኩያኖም ማኅበሩ በተመሠረተበት በ1792 ሃርዲ ቤት ተቀምጦ የሕይወት ታሪኩን ያርም ነበር፤ ሃርዲም በሼፊልድ የሚጻጻፈውን ሰው ያገኘው በእርሱ በኩል ነው።

በግንቦት 1794 መንግሥት ሃርዲን በአገር ክህደት ከሶ ወረቀቶቹን ወሰደበት። እርሱ በእስር ላይ ሳለ ባለቤቱ በወሊድ ሞተች። በኅዳር ወር የፍርድ ሸንጎው አባላት ጥፋተኛ አይደለም ብለው አሰናበቱት። የተወሰዱት ወረቀቶች ዛሬ ለንደን ኪው በተባለ ሰፈር በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ በግምጃ ቤቱ ነገረ ፈጅ መዝገቦች ውስጥ ይገኛሉ፤ ከእነርሱ ጋር በአባልነት ገብተው ሲሰልሉ የነበሩ ሰዎች የጻፏቸው ዘገባዎች አሉ። ማን እንደተናገረ፣ ምን እንደተባለ፣ የት እንደተሰበሰቡ ሁሉ ተጽፏል። የእነዚያን ሠራተኞች ቃል ከማንም ይልቅ አሟልተው ያቆዩልን ሊያስቀጧቸው የተላኩት ሰላዮች መሆናቸው ዛሬም ያስደንቀኛል።

ለጥያቄህ መልሱም ከዚህ የራቀ አይደለም። ስድስት ኪሎ ሳለን «መሬት ለአራሹ» የሚሉት ወረቀቶች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ፣ ስለ አገር ጉዳይ ለመናገር የተፈቀደለት ማነው የሚለው ጥያቄ በውስጤ ቀረ፤ ጥያቄውን ተከትዬ ስሄድ ሃርዲ ዘንድ ደረስኩ።

አሁን ስለ ሃርዲና ኤኩያኖ ወዳጅነት የምጽፈው ምዕራፍ ሊያልቅ ነው። ስልክልህ አንብበህ ሳትራራ አስተያየትህን ጻፍልኝ። አንተም ያኔ ያጠራቀምካቸው ወረቀቶች በእጅህ ካሉ፣ እባክህ ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት አስረክባቸው፤ ከማስረከብህ በፊት ግን እያንዳንዱ መቼና ከማን እጅ እንደደረሰህ የምታስታውሰውን ያህል ጻፍበት።

ወንድምህ