ከሚጢ እናት ለሰፈሬ ሰው

የሰፈሬ ሰዎች፣ ወዳጆቼ፣ ድሬ ያላችሁም ከድሬ የራቃችሁም፣

ልጄ ሚጢ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ገብታለች። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ ወንበሯ ላይ ሆና ከጎረቤት የሚመጣውን የሙቀጫ ድምፅ ታዳምጣለች። ዘነዘናው ባረፈ ቁጥር ትስቃለች። እግዚአብሔር ይመስገን። አልሐምዱሊላህ። ሁለቱንም የምለው በሁለቱም በኩል ስለተጸለየላት ነው።

ሆስፒታል ስለቆየንበት 23 ቀን አልጽፍም። አብራችሁን የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ያልነበራችሁም ሰምታችኋል። ሳንባዋን ነበር፣ ኦክስጅን ላይ ነበረች፣ አሁን በራሷ ትተነፍሳለች። እኔ የተቀመጥኩት ለምስጋና ነው።

መጀመሪያ አዴ።

አዴን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። ስሟን ልጻፈው ወይ ብዬ ስጠይቃት "ተይው፣ አላህ ያውቀዋል" አለችኝ። ስለዚህ አዴ ብቻ እላታለሁ። አንቱ የማልላትም እንደ እናቴ ስለሆነች ነው።

ሆስፒታል ስላመላለሰችው ምግብ የማመሰግናት ይመስላችሁ ይሆናል። እሱንም አመሰግናለሁ። በ23 ቀን ውስጥ አንድም ቀን ባዶ እጇን አልመጣችም። ለእኛ ብቻ አይደለም፣ አጠገባችን ለነበሩት አስታማሚዎችም ሾርባ በሳፋ ታመጣ ነበር። የአዴ ውለታ ግን የጀመረው ከዚያ በፊት ነው። ከአራት ዓመት በፊት።

ሚጢ ሴሬብራል ፓልሲ አለባት፣ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። እኔ ከቤት መውጣት አቁሜ ነበር። ይዣት ስወጣ ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። "እግዜር ይማራት" ይላል። በቅንነት ነው፣ አውቃለሁ፣ ማንንም አልቀየምኩም። ግን በቀን አሥር ጊዜ ከንፈር ሲመጠጥልሽ ልጅ ሳይሆን ለቅሶ ታቅፈሽ የምትዞሪ ይመስልሻል። ስለዚህ በሬን ዘጋሁ። በድሬ ሙቀት በር ዘግቶ መዋል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ አገሩ ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ አዴ ሳታንኳኳ ገባች። በአንድ እጇ ሙዝ፣ በአንድ እጇ ማንጎ ይዛለች። ከንፈሯን አልመጠጠችም። ሚጢ ፊት ቁጢጥ አለችና ሁለቱን ከፍ አድርጋ "ኢንተላ ኮ፣ የቱን ልስጥሽ?" አለቻት። "ልጄ" ማለቷ ነው በኦሮምኛ።

"አዴ፣ አታወራም እኮ" አልኳት።

"አንቺን አልጠየቅኩም" አለችኝ። ከዚያ ጠበቀች።

ብዙ ጠበቀች። እኔ ተጨንቄ እጄን አፋትጋለሁ። የሚጢ ዓይን መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ሄደ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ከዚያ ቀስ ብሎ ማንጎው ላይ አረፈ። አዴ ምንም ሳትናገር ማንጎውን ወደ ቀኝ፣ ሙዙን ወደ ግራ አዞረችው። የሚጢም ዓይን ማንጎውን ተከትሎ ዞረ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔ እናቷ አልጠየቅኳትም። አልብሻት፣ አብልቻት፣ አጥቤያት፣ አልቅሼላት፣ ስለት ተስዬላት፣ ምን እንደምትወድ ግን ጠይቄያት አላውቅም። ይህን ስጽፍ እንባዬ ይቀድመኛል፣ ይቅርታ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ቢጫው ቀሚስ ወይስ ቀዩ? ውጪ እንውጣ ወይስ እዚሁ እንሁን? ትጠየቃለች፣ ይጠበቃል፣ ትመልሳለች። ዓይኗን ወደ ላይ ካነሳች "አዎ" ነው። ከጨፈነች "አይ" ነው። አንዳንዴ ሁለቱንም ትላለች፣ ያን ጊዜ ደግሞ እንስቃለን። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሐሳቧን ትቀይራለች፣ እንደማንኛውም ልጅ። ቀይ ቀሚስ እንደማትወድ ያወቅኩት በአራት ዓመቷ ነው። እስከዚያ ድረስ የገዛሁላት ግማሹ ቀይ ነበር!

ሌላም አለ። አዴ ስምንት ልጅ አሳድጋለች። ሁሉንም አንጋላ፣ በእጇ እያጋተች ነው ያሳደገችው። የእኔም እናት እንደዚያው ነበረች። ሴሬብራል ፓልሲ ላለባት ልጅ ግን ያ አይሆንም። ሚጢ ስትወለድ አየር አጥሯት አእምሮዋ ተጎድቷል። የጉሮሮዋ ጡንቻ ከአእምሮዋ የሚመጣውን ትእዛዝ በሰዓቱ አይሰማም። ቀጭን ነገር፣ ውሃም ሻይም፣ ከጡንቻው ይቀድምና ወደ ሳንባ ይገባል። ወፍራም ምግብ ግን ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ጊዜ ይሰጣታል። ይህን ያስተማረችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናት። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጧት፣ አገጯን ትንሽ ወደ ታች፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ሳትውጥ ሌላ አትጨምሩ፣ ከበላች በኋላም ግማሽ ሰዓት አታስተኟት አለችን። አዴ ቁጭ ብላ ሰማች። በማግስቱ የእሷ እጅ ተቀይሮ ነበር። በዚያ ዕድሜ! ሾርባዋንም ለሚጢ ብላ አጃ አብዝታ እንደ ገንፎ ማወፈር ጀመረች። ሚጢ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ እንደምትወድ ያወቀችውም እሷ ናት። እኔ ያቃጥላታል ብዬ ሁሉን ነገር አልጫ አድርጌባት ኖሬአለሁ።

ሆስፒታል ሆነን በ19ኛው ቀን ሐኪሙ "በአፏ በትንሹ ጀምሩላት" አለ። እኔ ፈራሁ። ማንኪያውን መያዝ አቃተኝ። አዴ ከቀፊራ ገበያ ማንጎና ፓፓያ ይዛ መጣች። ትራሱን አስተካከለች። እንደዚያ ቀን ሁለቱን ከፍ አድርጋ "ኢንተላ ኮ፣ የቱን?" አለች። ልጄ ከስታ ዓይኗ ብቻ ነበር የቀረው። ያ ዓይን ማንጎው ላይ አረፈ።

አዴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። በ23 ቀን ውስጥ ያን ጊዜ ብቻ። ሚጢ ሦስት ማንኪያ በላች። ሦስት! አዴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ብድርሽን የምመልስበት ነገር የለኝም።

የሚጢ ወንድም ደግሞ። እኛ ሆስፒታል ስንሆን እሱ ጎረቤት ነው ያደረው። 11 ዓመቱ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አልተነጫነጨም። ሚጢ ሰፈሩ ይናፍቃታል አለና ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሆኖ ድምፅ በስልክ ሲለቅሙ ከረሙ። የሙቀጫው ድምፅ፣ የጎረቤታችን ፍየል፣ "ቆራሌው!"፣ የኳስ ጩኸት፣ ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ ሲገባ፣ አዛኑና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተከታትለው። በ14ኛው ቀን ስልኩን ጆሮዋ አጠገብ ከፈትኩት። ፍየሏ ጋ ሲደርስ የከንፈሯ ጥግ ተነሳ። ነርሷን ጠርቼ አሳየኋት። ሰው ልጁ ስትድን እልል ይላል፣ እኔ በፍየል ድምፅ እልል አልኩ። ልጆች፣ እናንተ አላወቃችሁትም እንጂ ያን ቀን ከመድኃኒቱ እኩል ሠርታችኋል።

የባጃጁ ወንድማችን፣ ሌሊት 8 ሰዓት ደውዬልህ ባዶ እግርህን በሽርጥ የመጣኸው፣ እስከ ዛሬ ሒሳብ አልተቀበልከኝም። ባለፈው እሁድም ሚጢን በከዚራ ሰፈር አዙረህ አመጣሃት። በዛፎቹ ሥር ስታልፉ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ብልጭ ጥፍት ሲል እንዴት እንደምትሆን አንተ ታውቃለህ። የድሮው ባቡር ጣቢያ ጋ ስትደርሱ ሁለቴ ጡሩምባ የምትነፋላትም ነገር አለ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ድሬን በ1895 ዓ.ም. የወለዳት ባቡር ነው ይል ነበር። የልጅ ልጁ እዚያ ቦታ ላይ ስትስቅ ቢያይ ደስታውን አይችለውም ነበር።

ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ጽዳት ሠራተኞች፣ የሌሊት ጥበቃዎች፣ እግዜር ይስጥልኝ። የዕድርና የማኅበር ሰዎች፣ በሩቅ ሆናችሁ ገንዘብ የላካችሁልን፣ በመስጊድ ዱዓ ያደረጋችሁልን፣ ለቁልቢ ገብርኤል የተሳላችሁልን፣ እናንተንም። ታኅሣሥ 19 ሁላችንም እንሄዳለን፣ ሚጢም ጭምር። ጠይቄያታለሁ። ዓይኗን ወደ ላይ አነሳች።

ባለቤቴ መንገድ ላይ ስለነበረ ከጅቡቲ መስመር በየቀኑ ሲደውል ስልኬን ቻርጅ ስታደርጉልኝ የነበራችሁ፣ አመሰግናለሁ። እሱም ሰላም ብሏችኋል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ሚጢ ከመታመሟ በፊት ውሃ ለሰጠሻት እህቴ ነው። ራስሽን እየወቀስሽ ቤታችን መምጣት እንደተውሽ ሰምቻለሁ። በዚያ ሙቀት ከንፈሯ የደረቀ ልጅ አይተሽ ውሃ አጠጣሻት። ማን ቢሆን ያደርገዋል። እኔም ሳላውቅ በፊት አድርጌዋለሁ። ሕመሙ በዚያ ይሁን በሌላ ሐኪሙም አላረጋገጠልንም። ይቅር የምልሽ በደል የለም። እባክሽ ነይ። እንዴት እንደምናወፍረው አሳይሻለሁ፣ አንቺው ታጠጫታለሽ።

ድሬ ውስጥ እንደ እኔ በር ዘግታችሁ የተቀመጣችሁ እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ሆስፒታል መጥታችሁ በጆሮዬ ነግራችሁኛል። አንድ ቦታ "እንዲህ ዓይነት ልጅ አንቀበልም" ተብላችሁ የተመለሳችሁም አላችሁ። እኔም ተመልሻለሁ፣ ሕመሙን አውቀዋለሁ። እርግማን አይደለም፣ አይተላለፍም፣ የእናንተም ጥፋት አይደለም። ስለ መጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። ቀስ ብላችሁ የምታዋሩት ሰው ስትፈልጉ ቤቴን ታውቁታላችሁ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፣ ሚጢ እንግዳ ትወዳለች።

ደስታ ምንድን ነው ብትሉኝ አሁን መልሴ አጭር ነው። ማታ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በረድ ስትል ምንጣፍ አንጥፈን ውጪ እንወጣለን። አዴ ሆጃዋን፣ በወተት የፈላውን ትኩስ መጠጥ፣ ይዛ ትመጣለች። ወንድሟ የቤት ሥራውን ጮክ ብሎ ያነብላታል። ሲሳሳት ትስቃለች፣ እንዴት እንደምታውቅ እንጃ። ትናንት አንገቷን ራሷ ቀጥ አድርጋ ያዘች። ወንድሟ ይቆጥር ነበር፣ 26 ደረሰ። ከመታመሟ በፊት 40 ትደርስ ነበር። ትመለስበታለች። 26ቱን ግን እንደ ሰርግ ነው ያከበርነው። አዴ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ አስመጣች፣ ምንጣፉ ላይ የነበረ ሁሉ በላ። ለሚጢም ሽሮፑን በጣቷ ከንፈሯ ላይ ቀባችላት።

ብዙ ሰው ረስቻለሁ። ሌሊት ተራ የገባችሁልኝ፣ ልብስ ያጠባችሁልኝ፣ ወረፋ የያዛችሁልኝ፣ ፊታችሁን አስታውሳለሁ፣ ግን ያኔ እንቅልፍ አልነበረኝም፣ ማን ምን እንዳደረገ ተደባልቆብኛል። ስማችሁን ልጻፍ ብዬ ጀምሬ ሦስት ገጽ ሞልቶ ገና ግማሽ አልደረስኩም፣ ቀደድኩት። ሳላነሳችሁ የቀረሁ እንዳትቀየሙኝ፣ በሚጢ ይሁንባችሁ።

እቃችሁም እኛ ጋ ነው። ቀይ ፔርሙስ፣ ሰማያዊ አበባ ያለው ብርድ ልብስ፣ ክዳኑ የላላ የምግብ ሳህን ሁለት፣ አንድ የልጅ ትራስ። የማን እንደሆኑ አላወቅኩም። ታጥበው ተቀምጠዋል። ስትመጡ ውሰዱ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ውጪ ነን።

የሚጢ እናት
ድሬዳዋ